ከጉዞ የተመለሰው ጠርሙስ፦ በአውሮጳ የተቀመሰ ወይን ጠጅ በቤት ለምን ሌላ ይሆናል?

ወደ አውሮጳ የወይን አገሮች የተጓዘ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ታሪክ ይዞ ይመለሳል። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በባሕር ዳር ወይም በኮረብታ ግርጌ ባለ ምግብ ቤት፣ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ወይን ጠጅ ይቀርብለታል፤ ይጠጣዋል፤ ይደነቃል። ሁለት ጠርሙስ ገዝቶ፣ በልብስ ጠቅልሎ፣ በሻንጣው ከቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጠርሙሱ በወዳጅ ዘመድ ፊት ሲከፈት ግን ያ ጣዕም የለም። እንግዶቹ በትሕትና ዝም ይላሉ፤ ጋባዡም «እዚያ ሳለሁ እንዲህ አልነበረም» እያለ ያስረዳል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ አላመለጠም። በደቡብ ስፔን፣ የጓዳልኪቪር ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገባበት አፍ ላይ፣ ሳንሉካር ዴ ባራሜዳ የምትባል ከተማ አለች። ዓለምን የዞረው የማጄላን ጉዞ የተነሣው በመስከረም 1519 ከዚሁ ወደብ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) በከተማይቱ የባሕር ዳርቻ ሰፈር፣ ፀሐይ ከወንዙ ማዶ ስትጠልቅ፣ ማንዛኒያ የተባለውን ነጭና ደረቅ ወይን ጠጅ በጨው ውኃ ከተቀቀለ ሽሪምፕ ጋር ቀመስሁ። ሁለት ጠርሙስ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ። የመጀመሪያውን በአንድ የበዓል ቀን፣ ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጨሰ ከፈትሁት። አክስቴ አንድ ጊዜ ቀምሰው ብርጭቆውን ገፋ አደረጉና «ልጄ፣ ይኸ የፈረንጅ ኮምጣጤ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም» አሉኝ። እኔም ስቀምሰው ልከራከራቸው አልቻልሁም።

የተለወጠው ጠጪው ነው ወይስ መጠጡ? ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ ይመስላል። ነገር ግን በአውሮጳ ብዙ ሺህ ገበሬዎች ኑሯቸውን የመሠረቱት «የዚህ ቦታ ፍሬ ከሌላው ይለያል» በሚለው አባባል ላይ ነው። ጣዕሙ በጠጪው አንጎል ውስጥ ብቻ የሚፈጠር ከሆነ አባባሉን የሚጠብቀው ሕግ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ መልሱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንጎል የሚጨምረው

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስሜት ሕዋሳትን ትስስር የሚያጠናው ቻርልስ ስፔንስ ይህን ገጠመኝ ከደቡብ ፈረንሳይ አውራጃ በወሰደው ስም «የፕሮቫንስ ሮዜ እንቆቅልሽ» ይለዋል። በባሕር ዳር ፀሐይ የተጠጣው ሮዜ በሰሜን አውሮጳ ክረምት ሲከፈት ውበቱን ያጣል። የስፔንስ መልስ በአመዛኙ ወደ ጠጪው ያዘነብላል፤ የሚደግፉትም ጠንካራ ሙከራዎች አሉ።

በ2001 ዢል ሞሮ፣ ፍሬዴሪክ ብሮሼ እና ዴኒ ዱቡርዲዩ የተባሉ ተመራማሪዎች በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የወይን ጠጅ ጥናት ፋኩልቲ ለነበሩ 54 ተሳታፊዎች ወይን ጠጅ አቀረቡ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ነጭና አንድ ቀይ ቀርቦ እያንዳንዱን በሚስማማው ቃል እንዲገልጹ ተጠየቁ። በሌላ ቀን ያው ነጭ ወይን ጠጅ ሁለት ጊዜ ቀረበ፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ሽታ በሌለው ቀለም ቀልቶ። ተሳታፊዎቹ የቀላውን ነጭ ለቀይ ወይን ጠጅ በሚሰጡት ቃላት ገለጹት። ይህ ጥናት ከዚያ ወዲህ ቀማሾች ሁሉ አታላዮች መሆናቸው እንደተረጋገጠ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። በእኔ ግምት ግን እንዲህ ያለው ድምዳሜ ከማስረጃው ያልፋል። ሙከራው የሚያሳየው ዓይን ለአፍንጫ ቃል እንደሚያቀብል ነው፤ ሽታን መሰየም ከባድ ስለሆነ ሰው በሚያየው ነገር ይመራል። ይህ አፍንጫው ምንም አልለየም ከማለት ይራራቃል።

ዋጋም እንደ ቀለም ይሠራል። በ2008 ሂልከ ፕላስማንና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ 20 ሰዎችን በአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው በቀጭን ቱቦ ወይን ጠጅ አቀመሷቸው። አንዱ ወይን ጠጅ አንድ ጊዜ የ10፣ ሌላ ጊዜ የ90 ዶላር ተብሎ ቀረበ። ተሳታፊዎቹ «የ90 ዶላሩን» አብልጠው ወደዱት። ከዚህ በላይ የሚያስገርመው፣ ደስታን ከሚመዝኑት የአንጎል ክፍሎች አንዱ በተወደደው ዋጋ ጊዜ ይበልጥ መነቃቃቱ ነው። ሰዎቹ አልዋሹም፤ በእርግጥ ይበልጥ ጣፍጧቸዋል። ዋጋው ሳይነገራቸው ሲቀምሱ ግን ልዩነቱ ጠፋ።

የሙዚቃውን ነገር ያሳየው በ1997 የታተመው የኤድሪያን ኖርዝና የባልደረቦቹ ሙከራ ነው። በአንድ የእንግሊዝ የገበያ አዳራሽ የወይን ጠጅ መደርደሪያ አጠገብ አንድ ቀን የፈረንሳይ አኮርዲዮን፣ በማግሥቱ የጀርመን የነሐስ መለከት ሙዚቃ ይሰማ ነበር። በፈረንሳይ ሙዚቃ ቀናት 40 የፈረንሳይና 8 የጀርመን ጠርሙሶች ተሸጡ፤ በጀርመን ሙዚቃ ቀናት ደግሞ 22 የጀርመንና 12 የፈረንሳይ። ከገዢዎቹ አብዛኞቹ ሙዚቃው ምርጫቸውን እንደመራው አላመኑም። አንድ የካሴት ማጫወቻ ይህን ያህል ከሠራ፣ እውነተኛው ባሕር፣ እውነተኛው ነፋስና በአካባቢው ቋንቋ የሚቀርበው መስተንግዶ ምን ያህል ሊሠሩ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም።

ከቀመሱት በኋላ ደግሞ ትዝታ አለ። ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው ሽታ ነው፤ ከአፍ በስተጀርባ ወደ አፍንጫ በሚወጣ አየር የሚደርስ ሽታ። ጉንፋን የያዘው ሰው ምግብ ሁሉ አልጣፍጠው የሚለው ስለዚህ ነው። የማየትና የመስማት መልእክቶች ወደ አንጎል ቅርፊት ከመድረሳቸው በፊት ታላመስ በተባለ ጣቢያ ሲያልፉ፣ የሽታ መልእክት ግን ይህን ጣቢያ ሳያልፍ ስሜትንና ትውስታን ወደሚያስተናግዱት ክፍሎች በአቋራጭ ይደርሳል። ሽታ ከሥፍራውና ከሰዓቱ ጋር ተጣብቆ የሚቀረውም በከፊል በዚህ አቋራጭ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የማርሴል ፕሩስት ልብ ወለድ ሳይነሣ አይቀርም። በ1913 በታተመው የመጀመሪያ ቅጽ ተራኪው በሻይ የተነከረ ኬክ ቀምሶ የልጅነት መንደሩ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል። ይህን ገጽ የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ሁለተኛው ጉርሻ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ነገር አልሰጠውም፤ ሦስተኛውማ ከሁለተኛው ያንሳል። ተራኪው ኃይሉ በመጠጡ ውስጥ ሳይሆን በራሱ ውስጥ እንደሆነ የሚረዳው በዚህ ጊዜ ነው። በቤት ጠርሙስ የሚከፍተው መንገደኛ ልክ ሁለተኛውን ጉርሻ እንደሚጎርስ ሰው ነው።

ትዝታ ደግሞ የሆነውን ሁሉ አይመዘግብም። ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በ1993 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች እጃቸውን በ14 ዲግሪ ሴልሲየስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ60 ሰከንድ ነከሩ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ ከነከሩ በኋላ 30 ሰከንድ ተጨመረ፤ በዚህ ጭማሪ ጊዜ ውኃው ቀስ በቀስ እስከ 15 ዲግሪ ሞቀ። የትኛውን እንደሚደግሙ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። የሚታወሰው ጫፉና ፍጻሜው እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ከአንድ ሳምንት ጉዞ ውስጥ የአውቶቡስ ጥበቃው፣ የተረሳው ሻንጣና መካከለኛ የነበሩት አሥራ አምስት ምግቦች ጠፍተው አንድ ማምሻ ብቻ የሚቀረው በዚሁ ሕግ ነው። በቤት የሚከፈተው ጠርሙስ የሚወዳደረው ከዚያ ማምሻ ጋር ነው፤ ሊያሸንፍም አይችልም።

በርሜሉ ውስጥ ያለው

እስከዚህ ድረስ ማስረጃው ሁሉ በጠጪው ላይ ነው። ብዙ ጸሐፊዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ። የማንዛኒያን አሠራር የተመለከተ ሰው ግን ማቆም አይችልም።

ማንዛኒያ ፓሎሚኖ ከተባለ ነጭ የወይን ፍሬ ይሠራል። ወይኑ የሚበቅለው ኖራ በበዛበት ነጭ አፈር ላይ ነው፤ ይህ አፈር የክረምቱን ዝናብ ይዞ ዝናብ በማይጥልበት በጋ ሥሩን ያጠጣል። ጭማቂው ከፈላ በኋላ በተለምዶ ከወይን በተነጠረ አልኮል ተደግፎ ወደ 15 በመቶ አልኮል ይደርሳል፤ ከዚያ 600 ሊትር ገደማ በሚይዝ የኦክ በርሜል ይገባል። ሌላ ቦታ ቢሆን በርሜሉ እስከ አፉ ይሞላ ነበር፤ አየር ወይን ጠጅን ያበላሻልና። እዚህ ግን ሆን ተብሎ ባዶ ቦታ ይተውለታል። በዚያ ባዶ ቦታ፣ በወይን ጠጁ ገጽ ላይ፣ በፈላ ወተት ላይ እንደሚረጋው ስልባቦት ያለ ነጣ ያለ ሽፋን ይወጣል። ስፓኛውያን ፍሎር፣ ማለትም አበባ ይሉታል። ሽፋኑ ሕይወት ያለው እርሾ ነው።

ይህ እርሾ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ኦክስጅንን እየተጠቀመ ከሥሩ ያለውን ወይን ጠጅ ከአየር ይጠብቃል፤ ስለዚህ መጠጡ ለዓመታት በበርሜል ቢቀመጥም ገርጣ ብሎ ይኖራል። ሁለተኛ፣ አልኮሉንና ግሊሰሮል የተባለውን ለመጠጥ ልስላሴ የሚሰጥ ንጥረ ነገር ይመገባል፤ በምትኩ አሴታልዴሃይድ የተባለ ሹል ሽታ ያለው ውሁድ ያመርታል። ማንዛኒያ ምላስ ላይ እንደ ቢላ ደረቅ የሚሆነው ልስላሴው ስለተበላ ነው። አክስቴ «ኮምጣጤ» ያሉትም ይህን ነው፤ ትችታቸው ከኬሚስትሪ አንጻር ብዙ የራቀ አልነበረም።

አሁን ቦታው ወደ ነገሩ ይገባል። ፍሎር ሙቀትና ድርቀት አይወድም፤ አልኮሉ ወደ 17 በመቶ ከወጣም ይሞታል። ከባሕሩ ራቅ ባለችው ኼሬዝ ከተማ በበጋ ሽፋኑ ይሳሳል። በሳንሉካር ግን ከውቅያኖሱ የሚመጣው ምዕራባዊ ነፋስ አየሩን ቀዝቀዝና እርጥብ ስለሚያደርገው ሽፋኑ ዓመቱን ሙሉ ወፍሮ ይኖራል። የከተማይቱ ማቆያ ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቻቸው በነፋሱ አቅጣጫ የተከፈቱ ናቸው፤ የአካባቢው ሰው እንደ ካቴድራል ናቸው የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከአንድ የእርሻ ማሳ የተለቀመ ፍሬ፣ በአንድ ዓይነት በርሜል ገብቶ፣ በኼሬዝ ካረጀ ፊኖ፣ በሳንሉካር ካረጀ ማንዛኒያ ይባላል። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ባሕሩ የሚሠራው በዋናነት ጨው በመርጨት ሳይሆን እርሾውን በሕይወት በማቆየት ነው።

አስተራረጁም ለብቻው መነገር ያለበት ነው። በርሜሎቹ በደረጃ ይደረደራሉ። ለሽያጭ የሚቀዳው ከታችኛው፣ ከአሮጌው ረድፍ ነው፤ እሱም ሙሉ በሙሉ አይቀዳም። የጎደለው ከላዩ ባለው ረድፍ ይሞላል፤ የዚያ ጉድለት ደግሞ ከበላዩ ባለው፣ እንዲህ እያለ አዲሱ ወይን ጠጅ ከላይ ይገባል። ሶሌራ የሚሉት ይህን ነው። አሮጌው ወጣቱን ያስተምራል ይላሉ፤ ሳይንሱ ግን ወጣቱ ለእርሾው አዲስ ምግብ ያመጣለታል ይላል። ሁለቱም ትክክል ይመስለኛል። በዚህ ምክንያት የማንዛኒያ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ የመኸር ዓመት አይጻፍበትም፤ ብዙ ዓመታት ተቀላቅለውበታልና።

ታዲያ በጉዞው ላይ ምን ይሆናል? ወይን ጠጁ ተጣርቶ በጠርሙስ ሲታሸግ እርሾው ይቀራል። ጠባቂው የለም ማለት ነው። የታሸገው ጠርሙስ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ በሞቃት ሻንጣና በመኪና ሣጥን ግን ያረጃል። ከተከፈተማ በቀናት ውስጥ ትኩስነቱ ይጠፋል፤ መልኩ ይጠይማል፤ ሽታው የተቀመጠ የፖም ፍሬ ይመስላል። እምብዛም ሳይጣራ የሚታሸገው፣ ኤን ራማ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ይበልጥ ስስ ነው። በሳንሉካር ያለ ምግብ ቤት ጠርሙስ ከፍቶ በዚያው ማታ ይጨርሰዋል። እኔ የከፈትሁት ጠርሙስ ስንት ወር በመደብር መደርደሪያ ላይ እንደቆመ አላውቅም ነበር፤ ከዚያም ሁለት አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ወጥ ቤት አጠገብ ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰንብቷል።

በአጭሩ የፕሮቫንስ ሮዜና የሳንሉካር ማንዛኒያ አንድ ዓይነት ቅሬታ ያስከትላሉ፤ ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነው። በአግባቡ የተጓጓዘ ሮዜ በአመዛኙ ያው ሮዜ ነው፤ የተለወጠው ሰውየው ነው። ማንዛኒያው ግን ራሱም ተለውጧል።

ስም እንደ ንብረት

ይህ ልዩነት ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? የፈረንሳይን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የተባለች ጥቃቅን ነፍሳት ከአሜሪካ መጥታ የአውሮጳን ወይን ከሥሩ አደረቀችው። መድኃኒቱ የአውሮጳን ወይን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ሆነ። እስከዚያ ግን ገበያው በዘቢብ ጭማቂና በስኳር ውኃ ተጥለቅልቆ፣ የታወቁ ስሞች በማንም ጠርሙስ ላይ ይለጠፉ ነበር። በ1907 በደቡብ ፈረንሳይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አደባባይ ወጡ፤ በናርቦን ወታደሮች ተኩሰው ሰው ሞተ። በ1911 ደግሞ የሻምፓኝ ገበሬዎች ከአውራጃው ውጭ ፍሬ እያመጡ ሻምፓኝ ብለው ይሸጣሉ ያሏቸውን ነጋዴዎች መጋዘኖች አወደሙ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1935 የወጣው ሕግ የቦታን ስም ከድንበሩ፣ ከወይን ዘሩና ከአሠራሩ ጋር አሰረ። በ1936 አርቧ፣ ታቬልና ሻቶኔፍ ዱ ፓፕን የመሳሰሉ ቦታዎች የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ሆኑ።

ሳንሉካርና ኼሬዝም ተመሳሳይ ትግል ነበራቸው። እንግሊዞች ኼሬዝን «ሼሪ» ብለው ለብዙ ዘመን ጠጥተውታል፤ በአገራቸው የተሠራ መጠጥም «የብሪታንያ ሼሪ» ተብሎ ይሸጥ ነበር። በ1967 አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሼሪ የሚለው ቃል ለብቻው የኼሬዝን ወይን ጠጅ እንደሚያመለክት ቢወስንም፣ ለረጅም ጊዜ ሳይቃወሙ ዝም ብለዋል በሚል ምክንያት «የብሪታንያ ሼሪ» የሚለው አጠራር እንዲቀጥል ፈቀደ። ስሙ በአውሮጳ ኅብረት ውስጥ ለባለቤቶቹ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በ1996 ነው። ዝም ማለት ሠላሳ ዓመት ገደማ አስከፈላቸው።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ቡናውን ማስታወሱ አይቀርም። መንግሥት ከ2005 ጀምሮ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ሲጠይቅ የመረጠው የአውሮጳውያኑን የቦታ ስም ሥርዓት ሳይሆን የንግድ ምልክትን ነው። ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ጋር የተነሣው አለመግባባትም በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ለምርጫው የተሰጠው ምክንያት ተግባራዊ ነው። የአውሮጳው ሥርዓት እያንዳንዱ ምርት ከየት ማሳ እንደመጣ የሚቆጣጠር አካል ይፈልጋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች ተበታትነው በሚያመርቱበት አገር ይህ ከባድ ወጪ ነው። ነገር ግን የንግድ ምልክት ስሙን ይጠብቃል እንጂ በስሙና በጣዕሙ መካከል ያለውን ትስስር እንዲያሳይ ባለቤቱን አያስገድድም። በሳንሉካር ነፋሱ፣ እርሾውና ስሙ በአንድ ሰነድ ተያይዘው ተጽፈዋል። ለይርጋጨፌ እንዲህ ያለ ሰነድ ማዘጋጀት ለግብርና፣ ለኬሚስትሪና ለሕግ ተማሪዎች የጋራ ሥራ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የተለወጠው ጠጪው ይሁን መጠጡ በቤት ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቅምሻ ጥናት ባለሙያዎች የሦስት ብርጭቆ ሙከራ የሚሉት ዘዴ አለ። ቀማሹ ሳያይ በሁለት ብርጭቆ አንድ ዓይነት፣ በሦስተኛው ሌላ ይቀዳል፤ ልዩ የሆነውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። በግምት ብቻ የሚያገኘው ከሦስት አንድ ጊዜ ነው። ሙከራው ተደጋግሞ ቀማሹ ከዚህ በእጅጉ ከበለጠ ልዩነቱ ከብርጭቆው ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛውን ጠርሙስ የከፈትሁት ከወራት በኋላ ነው፤ እስከዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። በዚያ ቀን ቡናም ዕጣንም አልነበረም፤ ከዝዋይ የመጣ የተጠበሰ ዓሣ ግን ነበር። አክስቴ ከዓሣው ጋር ግማሽ ብርጭቆ ጠጡ፤ ሁለተኛ ግን አልጠየቁም። ከዚያው ጠርሙስ የተረፈውን በአሥረኛው ቀን ሦስት ብርጭቆ ይዘው ለሚጠብቁ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ለሙከራ ወሰድሁት። ለማነጻጸሪያ የሚሆን አዲስ ጠርሙስ ስላልነበረኝ ግን ሙከራው በወጉ ሳይካሄድ ቀረ፤ ሦስታችንም ቀምሰን ተያየንና የቀረውን ደፋነው።